አፍ የፈታንበት ዜማ

አያት፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዓንዶም፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ እንዳለሁ አለሁ።

የላክሃት አጭር መልእክት ደርሳኛለች። አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። ሳልነግርህ በመቅረቴ አትቀየመኝ፤ ለማን እንደነገርኩ፣ ለማን እንዳልነገርኩ እኔም አላውቅም። አባዬ በመስከረም መጀመሪያ ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት። ሆስፒታል ሰነበትንና ወደ ቤት አመጣሁት።

እግሩ ትንሽ ትንሽ እየተሻለው ነው፤ በከዘራ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ይደርሳል። የጠፋው ንግግሩ ነው። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋልም። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ግን ቃሉ የለም። "እእ" ይላል፣ ከዚያ ያለቅሳል። አንተ አባዬ ሲያለቅስ አይተህ ታውቃለህ? እኔ እናቴ ስትሞት እንኳ አላየሁም።

ይህን የምጽፍልህ ወሎ ሰፈር፣ ከቢሮ ነው። ሌሎቹ ምሳ ወጥተዋል፣ እኔ ሒሳቤን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ከቤት ስለ እሱ በስልክ ማውራት አልችልም። ኮንዶሚኒየሙ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ በሹክሹክታ ባወራ እንኳ ይሰማል። ስልክ ጆሮዬ ላይ ካየ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቀን ቀን ሙሉ የምትባል ሴት ትጠብቀዋለች፤ ደግ ናት። እኔ በመገናኛ በኩል ታክሲ ተሰልፌ፣ አያት ደርሼ፣ አራተኛ ፎቅ በእግሬ ወጥቼ ስገባ እሷ ጫማዋን አድርጋ ትጠብቀኛለች። ከዚያ እሱና እኔ ብቻ እንቀራለን። ደክሞኛል ዓንዶም። ይህን ለማንም አላልኩም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ደውልለትና ድምፅህን አሰማው። ከተማሪዎቹ ሁሉ የሚወደው አንተን ነበር። ይህን የምልህ ቅር ብሎኝ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ግን ደውልለት።

ለታናሽ ወንድምህ ለገብረኣብ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ያኔ ገርጂ አንተን ሊወስድ ሲመጣ ደጃፋችን ላይ ኳስ ያነጥር የነበረው ትዝ ይለኛል።

ሄርሞን

*

መቐለ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሄርሞን፣

ለአባትሽ ለጋሽ ተስፉ ምሕረቱን ያምጣላቸው። ላንቺም ጉልበቱን ይስጥሽ። በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስላልደወልኩም እንዲሁ። እዚህ ኔትወርኩ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም፤ የስልኬ ማይክራፎንም ተበላሽቷል። ለገብረኣብ ለላክሽው ሰላምታ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

"የሚወደው ዘፈን የቱ ነው፣ ከፍቼ ላሰማው" ብለሽ በቴክስት ለጠየቅሽኝ፦ ዘፈን አትክፈቺላቸው። አሁን የምነግርሽን ብትሞክሪ ይሻላል። ለዚህ ግን አንቺ የማታውቂውን አንድ ነገር መንገር ይኖርብኛል።

እኔ ወደ አባትሽ የተወሰድኩት ዘፈን ልማር አይደለም። መናገር ስላቃተኝ ነው። ልጅ ሆኜ እንተባተብ ነበር፤ የሰፈር ልጆች እንደሚቀልዱበት ዓይነት አይደለም፣ ጭራሽ አልናገርም ነበር። ከሁሉ የሚብሰው የገዛ ስሜ ነው። "ዓ" ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ይሰነቀራል። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ "አቤት" ማለት አቅቶኝ ተቀምጬ ሳለሁ ቀሪ ተብያለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ገርጂ ልጆች የሚያስዘምር ሙዚቀኛ አለ ሲሏት ይዛኝ መጣች። ጋሽ ተስፉ ያን ጊዜ የሚሠሩበት ኦርኬስትራ ተበትኖ ሰርቪስ ቤታችሁ ውስጥ ያስተምሩ ነበር።

"ስምህ ማን ነው?" አሉኝ።

ተያዝኩ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ ወይ ይናገርልኛል ወይ ወሬ ይቀይራል። እሳቸው ግን ጠበቁ። እናቴ ልትናገርልኝ ስትል በእጃቸው ዝም አሰኟት። ቆይተው ቆይተው እጄን ያዙና በገዛ እጄ ጉልበቴን መታ፣ መታ እያደረጉ ጥያቄያቸውን በዜማ ደገሙት። ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ አንድ ከፍ ያለ፣ አንድ ዝቅ ያለ።

"አትናገረው" አሉኝ። "በዚሁ ዜማ መልስልኝ።"

"ዓን-ዶም" አልኩ። ወጣ። እናቴ "ምን አደረጉት?" ብላ ጮኸች። "ምንም አላደረግኩት" አሉ፤ "ቃል ሁለት በር አለው። አንዱ ተዘግቶበታል፣ በሌላው አስወጣሁት።"

አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ በር ከፍተሽልኝ ከዚያ በኋላ ስትሰሚው የነበረው የዘፈን ትምህርት አልነበረም። "ዳቦ ስጡኝ"፣ "አልገባኝም"፣ "ደህና ዋሉ" ማለት እየተማርኩ ነበር። መዝፈን የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም እንደ ትርፍ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። በግራቸው በኩል ተቀመጪ። ደህናውን እጃቸውን ያዢና በእያንዳንዱ ድምፅ ጉልበታቸውን መታ አድርጊ። ሁለት ድምፅ ብቻ፤ እናት በአጥር በኩል ልጇን ስትጣራ እንደምታደርገው። ቃሉ በየቀኑ የሚፈልጉት ቃል ይሁን። መጀመሪያ አብራችሁ በሉት። ከዚያ መሃል ላይ አንቺ ዝም በይ፣ እሳቸው ይጨርሱት። ቢዘገዩም ጠብቂ። ቃሉን ከአፋቸው ላይ እንዳትነጥቂ።

ዓንዶም

*

አያት፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓንዶም፣

ሞከርኩት ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ ሞክሬዋለሁ። መጨረሻዬም ነው።

ሙሉ እስክትወጣ ጠበቅኩ፤ እሷ ፊት መዝፈን አፈርኩ። ድምፅ እንደሌለኝ ታውቃለህ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ "እኔንም አስተምረኝ" ብዬው ነበር። ያኔ አንተ ውስጥ ነበርክ። "ለዚህ ቤት አንድ ዘፋኝ ይበቃዋል፤ አንቺ ትምህርትሽን ያዢ" ብሎ በሩን ገርበብ አደረገው። አልዘጋውም፣ ገርበብ ነው ያደረገው። እኔም ትምህርቴን ያዝኩ። እነሆ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኛለሁ።

እንዳልከኝ በግራው ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩ። ከስንት ዘመን በኋላ እንደሆነ አላውቅም የአባቴን እጅ እንዲያ የያዝኩት። ጥማት ይበዛበታልና "ው-ሃ" ብዬ ጀመርኩለት፤ ከፍ፣ ዝቅ። ደገምኩት። ዓይኑ ተከፈተ። እውነቴን ነው፣ ከወደቀ ጀምሮ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። እንዳልከኝ ዝም ብዬ ጠበቅኩት።

"ዓን-ዶም" አለ።

ጥርት አድርጎ። ምንም ሳይጎድለው።

የማጥበው፣ የማለብሰው፣ ምግቡን የማደቀው እኔ ነኝ። ከስንት ዝምታ በኋላ ከአፉ የወጣው ስም ግን ያንተ ሆነ። እሱ ደስ ብሎት ደጋግሞ ይለዋል፤ እኔ ኩሽና ገብቼ የታጠበ ሳህን አጠብኩ።

በአንተ አልፈርድም። ግን ደግሜ አልሞክርም።

ሄርሞን

*

መቐለ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሄርሞን እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ምን ብዬ እንደምጀምር ቸግሮኝ ነበር። ቀላሉን ላስቀድም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

አባትሽ እኔን አልጠሩኝም። እስቲ አስቢው፣ በዚያች ዜማ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ የኔን ስም ሲያስቀምጡ ኖሩ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትምህርት የምንጀምረው በሱ ነበር። አንቺ ያንኑ ዜማ ስታቀብያቸው አፋቸው ያገኘው ቀድሞ እዚያ የተቀመጠውን ቃል ነው። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ሌላ ዜማ ልነግርሽ ይገባ ነበር።

ዜማውን ገልብጪው። ከዝቅታው ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ። ደግሞ ቋንቋውን ቀይሪው። ጋሽ ተስፉ ስንሳሳትባቸው ተናደው ምት የሚቆጥሩት በትግርኛ ነበር። ልጅ ሆነው ውሃ የለመኑት በአማርኛ አይደለም። "ማይ" በያቸው።

"ለምን እኔን አላስተማረኝም? አንተ ታውቃለህ" ብለሽኛል በቴክስት። አላውቅም። የሚያጽናና ነገር ልጽፍልሽ ጀመርኩና ውሸት ስለሆነ ሰረዝኩት። አንድ ነገር ብቻ እውነቱን ልንገርሽ። በሩ ገርበብ ብሎ የሚቀረው ሁልጊዜ ነበር። እኔ ብርድ ነው ዝጉት ስላቸው እምቢ ይሉ ነበር። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።

ድምፅህን ቀድተህ ላክልኝ ላልሽው፣ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኛል። ይቅርታሽን።

ዓንዶም

*

አያት፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዓንዶም፣

"ማይ" አለ!

ወዲያው አይደለም። ስንት ቀን ተቀምጬ የሰው መሳቂያ ሆንኩ። ሙሉ መጀመሪያ ጠበል ውሰጂያቸው አለችኝ፤ በኋላ ግን እሷም ቀን ቀን ትሞክረው ጀመር። እሁድ ዕለት ፀሐይ ሲሞቅ ነው ያለው። እኔ ግማሹን ትቼለት ዝም አልኩ። ግንባሩ ላይ ላብ እስኪወጣ ታገለ። ልናገርለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ያዝኩት። ከዚያ ወጣ። ሙሉ እልል ልትል ስትል እንዳይደነግጥ አፏን በእጄ ያዝኩት። አባዬ ብርጭቆውን ምንም ሳያስቀር ጨለጠው።

ደስታው ግን እንደምታስበው አይደለም። አሁን እኔ ቤት ባለሁበት ሰዓት ሁሉ "ማይ" ነው። አቀርብለታለሁ፣ አይጠጣም። ዞር ስል እንደገና "ማይ"። ትናንት ከሥራ ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጀመረ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረግኩት። ክው አለ። ደነገጥኩና "ይቅር-ታ" አልኩት፣ ሳላስበው በዜማ። ሳቀብኝ! በግማሽ ፊቱ፣ ግን ሳቀ።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልግባ። ማክሰኞ ደወልኩልህ። ይህን ልነግርህ ነበር፣ መጻፍ አልበቃ ብሎኝ። አነሳኸው። "ዓንዶም፣ ማይ አለ!" አልኩህ። ትንፋሽህን እየሰማሁት ነበር። የሆነ ነገር ልትል እንደነበር አውቃለሁ፤ የሚታነቅ ሰው ዓይነት ድምፅ ሰምቻለሁ። ከዚያ ዘጋኸው። ኔትወርክ አልነበረም። ጉንፋንም አይመስለኝም።

ምን አጠፋሁ? ያኔ የጻፍኩልህ ክፉ ደብዳቤ ከሆነ፣ ደክሞኝ ነበር። ዛሬም ደክሞኛል፣ ግን በአንተ አይደለም።

ሄርሞን

*

መቐለ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሄርሞን፣

ማይክራፎኑ አልተበላሸም። ጉንፋንም አልነበረብኝም።

ገብረኣብ የለም። ሰላምታ ስትልኪለት እግዚአብሔር ያክብርልኝ ብዬ አለፍኩት። በጦርነቱ ሄዶ ቀረ። ዓምና መርዶው መጣ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው እጄን ይዞ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ሲለኝ "አሜን" ልል አፌን ከፈትኩ። "አ" ላይ ቀረሁ። ሰውየው እጄን እንደያዘ ጠበቀኝ። አልወጣም። ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ እያዩኝ ነበር። ሐዘን ነው አሉ። እኔ ግን ያን አጥንት አወቅኩት። እዚያው ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነኝ። ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ተማሪዎቹ አልሳቁብኝም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ራሳቸውን ደፍተው፣ እኔን ላለማየት ደብተራቸውን እያዩ ይጠብቁኛል። ዳይሬክተሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን ያዝልን አለኝ። አሁን መጽሐፍ አውጥቼ እሰጣለሁ፣ መልሼ እቀበላለሁ። ዝም በሉ የሚል ማስታወቂያ ከጀርባዬ ተለጥፏል። እኔን የሚመለከት ነው የሚመስለው።

በዜማ ለምን አትሞክርም ትይኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። ለብቻ አይሆንም። ያ ዜማ የሚጠይቅና የሚመልስ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ቤት ውስጥ አሁን እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ማክሰኞ ስልኩን ያነሳሁት የአንቺን ስም ስላየሁ ነው፣ እሳቸው የሞቱ መስሎኝ። "ማይ አለ" ስትይኝ ደስታዬን ልነግርሽ ነበር። ሌላ ምንም አላጠፋሽም።

ወደ አያት እንድመጣ በየቴክስቱ ትለምኚኛለሽ። እንዴት አድርጌ ልምጣ? ጋሽ ተስፉ ዕድሜያቸውን ከፍለው ያወጡልኝን ንግግር ጥዬ፣ ያኔ በእናቴ እጅ ተይዤ እንደመጣሁት ሆኜ ፊታቸው ልቁም? ባይናገሩም ያዩኛል። ይህን አታድርጊብኝ።

ዓንዶም

*

አያት፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ነፍስ ይማር። ለሞተ ሰው ሰላምታ ላክሁ፣ አንተም ተቀበልክልኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ብቻህን መያዝህን ሳስብ ቢሮ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። ለአባዬ አልነገርኩትም። ብነግረው ማልቀስ እንጂ ምንም ማለት አይችልም፤ እሱ ደግሞ በቅቶታል።

ሙሉ ሰሞኑን አንድ ነገር አለችኝ። "እሳቸው እኮ አንቺ ሳትኖሪ አንድም ጊዜ ማይ ብለው አያውቁም" አለችኝ። "እንዴት? ውሃ አይጠማውም?" አልኳት። "ይጠማቸዋል፣ ብርጭቆውን በእጃቸው ያሳዩኛል። ማይ የሚሉት የደረጃው በር ላይ የአንቺን ቁልፍ ሲሰሙ ነው" አለችኝ። አላመንኳትም። በበነጋው ከሥራ ስገባ "ማይ" አለኝ። ውሃውን አላመጣሁለትም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዝም አለ። እጄን ይዞ ዝም አለ።

ስሜን አላገኘውም ዓንዶም። ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው እሱን ነው። ስሜ ማይ ሆኗል፤ እኔም እሺ ብያለሁ።

እንግዲህ አትሟገተኝ። ዓርብ ና፣ ሰኞ ትመለሳለህ። አንተ ሶፋው ላይ ትተኛለህ፤ አጭር ነው፣ እግርህ ይንጠለጠላል። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ራህማ የምትባል ጎረቤቴ ጋ አድራለሁ። ማንም እንድትናገር አይጠይቅህም። እዚህ ቤት መናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷም ደክሟታል።

ሄርሞን

*

መቐለ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሄርሞን፣

በሰላም ገብቻለሁ። አንገቴ ከሶፋሽ ገና አልተላቀቀም።

ስለዚያ ቅዳሜ ምንም ሳንነጋገር ነው የተለያየነው፤ እኔ መናገር አልችል፣ አንቺ ወጥ እያማሰልሽ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ። ስለዚህ እንዲህ በጽሑፍ ላድርገው።

ዓርብ ስደርስ ጋሽ ተስፉ ተኝተው ስለነበር ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በጠዋት ተነስቼ ልሄድ አስቤ ነበር። ሲነጋ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዘራቸውን ይዘው ሊነሱ ሲታገሉ ሮጬ ደገፍኳቸው። ሰውነታቸው እንዲህ ቀሏል ብዬ አልጠበቅኩም። አንድ ነገር ልላቸው ይገባኝ ነበር። "እንደምን አደሩ" እንኳ። "እ" ላይ ተያዝኩ። ልቀመጥ፣ ፊቴን ልደብቅ ፈለግኩ።

እሳቸው ግን ግራ እጃቸውን አንስተው ሆዴ ላይ አደረጉት። ገርጂ ሳለን እንደሚያደርጉት፣ ከእምብርቴ ከፍ ብሎ። ገፋ አደረጉኝ። ተንፍስ ማለታቸው ነው። ተነፈስኩ። እንደገና ገፉኝ፣ እንደገና ተነፈስኩ። አላዘኑልኝም ሄርሞን። ያን ሁሉ የፈራሁትን ነገር ፊታቸው ላይ ፈልጌ አጣሁት። ሥራ የመጣላቸው ሰው ነው የሚመስሉት።

አንቺ ያን ጊዜ በሩ ላይ ነበርሽ። ከጀርባዬ "ስምህ-ማነው" አልሽ፤ ከፍ፣ ዝቅ። ጋሽ ተስፉ ደረቴን መታ፣ መታ አደረጉኝ። ሁለታችንም እኩል "ዓን-ዶም" አልን። ማን ለማን እንደመለሰ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺም አይተሻል፤ ሁለት ሽማግሌ ስናለቅስ። እኔም እንግዲህ ሽበት አውጥቻለሁ።

ድምፅ የለኝም የምትይው ውሸት ነው ልልሽ አልችልም፤ ላይኛው ድምፅ ላይ ትንሽ ትሰነጠቂያለሽ። ግን ትጠብቂያለሽ። ቃሉ እስኪመጣ ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ። በጋሽ ተስፉ እጅ ስንት ተማሪ አልፏል፣ እኔ በወጣትነቴ መድረክ ላይ ስንት ዓመት ዘፍኛለሁ፤ ይህን ከእሳቸው የወረሰ ካንቺ ሌላ አላየሁም።

አልዳንኩም። ቦሌ ኤርፖርት ፈታሹ ስሜን ሲጠይቀኝ እዚያው ተያዝኩ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ጭኔን በጣቴ መታ አደረግኩና በዜማ መለስኩለት። ፈታሹ ቀና ብሎ አይቶኝ "ዘፋኝ ነህ እንዴ?" አለኝ። "አይደለ-ሁም" አልኩት፤ እሱንም በዜማ። ሳቀና አሳለፈኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነኝ አሁንም። ለመጪው ዓመት ግን አንድ ክፍል እንዲሰጠኝ ለዳይሬክተሩ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። እሺም እምቢም አላለኝም።

ዓንዶም

*

አያት፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዓንዶም፣

እንዴት ሰነበትክ? ትናንት በስልክ "ደ-ህና ነኝ" ስትለኝ አባዬ ሰምቶ ጣቱን አወዛወዘ፤ ፈጥነሃል ማለቱ ነው መሰለኝ። ቀስ በል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክሽን ለምን አታነሺም ላልከኝ፣ ልንገርህ። ልትስቅብኝ ትችላለህ።

አንተ የመጣህ ጊዜ ያደርኩባት ራህማ ከታች ሆና ለካ ሁሉን ትሰማ ኖሯል። ኮንዶሚኒየም ምን ይደብቃል? ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኳች። ልብሴን ዘፍዝፌ፣ ወገቤን ይዤ ቆሜ ነበር። ወንድሟን ይዛለች። ሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ እንደ አባዬ ድንገት ነው የወደቀው። እሱም ንግግሩ የለም። ደረጃውን በሁለት ሰው ደግፈው አውጥተውታል። "ያን የምታንጎራጉሩትን አስተምሪው" አለችኝ። እኔ ዘፋኝ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም አልኳት። "እሱን ሰምቻለሁ" አለች፤ "ግን አባትሽም ሲመልሱ ሰምቻለሁ።"

እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም። ተቀመጡ አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የለኝም። ሳምንቱን ሙሉ ቁጥር ስደምር ሰንብቼ፣ ታክሲ ተጋፍቼ፣ የምተኛበት አንድ ቀን ነበረኝ፤ እሱም ሄደ። ሰውየው ግትር ነው። እጁን ስይዘው ይነጥቀኛል። መስኮት መስኮቱን ያያል። አባዬ ከወንበሩ ሆኖ ምቱን ይይዝልናል፤ እኔ ስቸኩል ግራ እጁን ከፍ ያደርጋል፣ ዝም እላለሁ። ስንጨርስ "ማይ" ይለኛል፣ ሄጄ አጠገቡ ትንሽ እቀመጣለሁ። ስሜን እስከዛሬ አላለውም። አልጠብቅም ልልህ ነበር፤ እጠብቃለሁ።

ራህማ ተስፋ ልትቆርጥ ደርሳ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ "ዛሬ የመጨረሻ ነው፣ እናንተንም አደከምን" ብላ ነው ይዛው የገባችው። እንደልማዴ "ው-ሃ"ን ጀምሬ ግማሹን ትቼለት ዝም አልኩ። እሱ መስኮቱን ያያል። ራህማ ልትናገርለት ስትል በእጄ ከለከልኳት። ሰውየው ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ተገተረ፤ የሆነ ነገር ሆነ ብዬ ፈርቼ ልነሳ ስል አፉ ተከፈተ።

"እም-ቢ" አለ።

ራህማ ጮኸች። ወንድሟ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ አባዬ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ይደልቃል፣ እኔ የምይዘውን አጥቼ የሰውየውን ጫማ ይዤ እስቃለሁ። ጎረቤት በር ከፍቶ ምን ሆናችሁ አለን። እንዲህ ስንሆን ቆየንና ራህማ ድንገት እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

"ግን ቆይ፣ ምኑን ነው እምቢ ያለው?" አለች።

ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። ውሃ ነው? ወንበሩ ነው? ወደ ቤት መሄዱ ነው? እኔ ነኝ? አንድ በአንድ እያነሳን ጠየቅነው።

"እም-ቢ" አለን፤ አሁንስ ጮክ ብሎ።

እህትህ ሄርሞን